ተማሪዬ ሲናገር

እሁድ ጠዋት ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ተሰብስበናል። «ዘበኛችን ጋሽ በቀለ አርጅተዋል፣ ይሰናበቱ» ብሎ የሚናገረው የድሮ ተማሪዬ ነው። የንግግር ጥበብ ያስተማርኩት እኔው ነኝ!

«ለልጆቻችን ስንል፣ ለሰላማችን ስንል...» ሲል ድግግሞሹን አወቅኩት። «ከልጆቻችሁና ከይሉኝታችሁ የቱ ይበልጣል?» ሲል ደግሞ ይህንንም አወቅኩት። መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረድቼዋለሁ። ተነስቼ ልቃወም ስል ቀደመኝ።

«የምትደግፉ እጅ አውጡ!» ተባለ፤ ሰዉ ሁሉ አወጣ። ጋሽ በቀለን ላያቸው ፈራሁ፤ ግን ዞሬ አየኋቸው። በሩ ጋ ዱላቸውን ተደግፈው እሳቸውም እጃቸውን አውጥተዋል።

ሮጬ ሄጄ «ጋሼ፣ የሚሰናበቱት እኮ እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ መምህር» አሉኝ እጃቸውን ሳያወርዱ። «ለልጆቹ ነው እያለ እንዴት እምቢ እላለሁ?»