የነቃ ሸክላ

የቤቴን በር ማጠፊያ ላስበይድ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወደ አቃቂ በሰቃ ወርጄ፣ አቶ ወልደሚካኤል ግቢ ስገባ ክርክር ላይ ደረስኩ። እሳቸው በፋብሪካ ማቅለጫ ምድጃ ፊት ያረጁ፣ ጡረታ ሲወጡም ግቢያቸው ውስጥ ብየዳ የያዙ፣ ትንሽ ምድጃም የሠሩ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ማህሌት ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ መመረቂያዋ እሳት የማይበላው ክር የገባበት ሸክላ በዚያው ምድጃ ትተኩሳለች። ዛሬ አንዱን ጠፍጣፋ ሸክላዋን አንኳኩተው ድምፁ ስላልጣማቸው፣ እሱን ሊጥሉ፣ ምድጃውንም ሊከለክሏት ቆርጠዋል። ምድጃው ከቀረ ምርቃቷም ቀረ።

«ሳያንኳኳ ሸክላ የሚገዛ ሞኝ ነው» አሉኝ ለዳኝነት እንደመጣሁ ቆጥረው። «ይኼ ድምፁ ታፍኗል፤ ነቅቷል። የነቃ ሸክላ ገል ነው።»

እኔም በልቤ ለሽማግሌው ፈረድኩ። ማህሌት ግን አልተቆጣችም።

«ጆሮዎ አልተሳሳተም አባባ። አውቄ ያነቃሁት እኔ ነኝ። ግን ድምፁ የት ሄደ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ክር የሌለበትን ደህና ሸክላና የነቃውን ጎን ለጎን በሲባጎ አንጠልጥላ በሚስማር መታቻቸው። ደህናው ሲያቃጭል ቆየ፤ የነቃው ወዲያው ጸጥ አለ።

«የጭቃ ግድግዳ ሲነቃ ጭዱ አይደል የሚይዘው? እዚህም ክሮቹ ስንጥቁን ይዘውታል። ሸክላው ሲንቀጠቀጥ ክርና ሸክላ ይፋተጋሉ፤ ፍትጊያው ንዝረቱን ይበላዋል።»

«ስንጥቁ ሲበዛስ?» አሉ አያቷ።

«ክሩም ይበጠስና ሸክላው ይሰበራል። ለዚህ ነው ድምፁ በምን ፍጥነት እንደሚጠፋ የምለካው። ጆሮዎ መንቃቱን ነገረዎት፤ ልኬቱ ደግሞ ምን ያህል እንደነቃ ይነግረናል።»

ሽማግሌው በወሬ የሚረቱ አይደሉምና መዶሻ አነሱ። ደህናው በአንድ ምት ተበታተነ። የነቃው አንድ ስንጥቅ ጨመረና እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሁለቱንም አደነቅኋቸው፤ እሷን የአያቷን ጆሮ ስላልናቀች፣ እሳቸውን በዚያ ዕድሜ «ሲበዛስ?» ብለው ስለጠየቁ። መንቀጥቀጥ ስንቱን ማሽን ያላላል። ንዝረትን የሚያበርድ፣ ከመሰበሩም በፊት ጉዳቱን የሚናገር ዕቃ ማግኘት ንብረትንም ሰውንም ያተርፋል። ይህ ደግሞ የሚገኘው አንኳኩቶ ከመጣል ይልቅ መርምሮ ሲፈርዱ ነው።

አቶ ወልደሚካኤል የነቃውን ሸክላ ራሳቸው መደርደሪያው ላይ መለሱት፤ ምድጃውንም ነገ እንደሚያነዱላት ነገሯት።

«የነቃ ሸክላ ገል ነው ያሉትስ?» አልኳቸው።

«እኔም ይኸው ዛሬ ነቃሁ» አሉ። «ልትጥሉኝ ነው?»