የሚነጫነጨው ደንበኛ

ከማርቆስ ወደ ደጀን በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጆሮዬን ጥዬባቸው አይደለም፤ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

«ምን ትሸጫለሽ ልጄ?»

«ለመድኃኒት ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው አባባ። የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ፣ የትኛው ጊዜው እንዳለፈ ይነግራቸዋል። መጀመሪያ አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ አንድ ወር በነፃ ይሞክሩታል።»

«እንደ በሬ ነዋ! እኛም ጠምደን ሳናይ አንገዛም። ታዲያ ማን እንደሚገዛ በምን ታውቂያለሽ?»

«በደብተሬ። ማን እንደደወለ፣ ምን እንዳለ እጽፋለሁ። ‹ግሩም ነው፣ ጎበዝ› ብሎ ዝም ያለ አይገዛም። ‹ይሄ ነገርሽ አስቸገረኝ› እያለ የሚጨቀጭቀኝ ይገዛል፤ እየሠራበት ነዋ።»

«ዛሬ የምትሄጂበትስ?»

«የደጀኑ ባለ መድኃኒት ቤት? ወሩን ሙሉ ሲቆጣኝ ነው የከረመው። አለቃዬ ‹ከዝርዝርሽ ሰርዢው› አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ሙከራው ዛሬ ያበቃል። ካልገዛ የደጀንን መስመር ለሌላ ሰው ይሰጥብኛል።»

ስልኳ ጮኸ። የደዋዩ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«አንቺ! ፕሮግራሙን ለምን ዘጋሽብኝ? ሰው ተሰልፎ ቆሟል!»

«ወሩ አልቆ ነው ጋሼ። መጥቼ ከኮምፒውተርዎ ላጥፋልዎት?»

«ማን አጥፊ አለሽ? ውሉን ይዘሽ ነይ!»

«በሬሽ አረሰ!» አሉ ሽማግሌው።

«ብያለሁ! ደብተሬ አይዋሽም።»

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ «ጎበዝ ነሽ» እያሉኝ ሹመቱን ለሌላ የሰጡትን አለቆቼን በየስማቸው አንድ በአንድ አስታወስኳቸው።