የጭስ ምስክርና የቅንጣት ሚዛን

አንድ ሽማግሌ የዓይን ጠብታ ገዝተው ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ፣ ነጭ ጋውን በክንዷ ላይ የጣለች ወጣት ልትገባ ስትል በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ወጣቷ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። እሳቸው የወዳደቀ ፕላስቲክ ለይተውና አቅልጠው የማሰሪያ ገመድ ያወጣሉ። ፕላስቲኩን በላይተር ለኩሰው ጭሱን በማሽተት ዓይነቱን ስለሚናገሩ ሰፈርተኛው «አሽቴ» ይላቸዋል። ስሙን አይጠሉትም።

«ጋሼ፣ ጠብታው ለማን ነው?»

«ለልጄ። ማቅለጫው ላይ ሲሠራ ዓይኑ ደም መሰለ። ደረቱንም ይዞታል።»

«ምን አቅልጦ?»

«እኔ የመረጥኩለትን ነዋ! ነፋሱ ጭሱን መለሰበት።»

«ዛሬስ ምን ሊያቀልጥ ነው?»

«ያንኑ። ጥርት ያለ፣ እንደ ውሃ የሚያሳይ ፕላስቲክ። ከምሳ በኋላ ይጀምራል።»

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። «መሥሪያ ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ነው። ቁራጭ ይዘው ከሆነ እንመርምረው።»

«ኪሴ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል! ግን ለምን ብዬ? ይህ አፍንጫ ጎጆ አውጥቶኛል፣ ልጆች አሳድጎልኛል። አሁን በስተርጅና ፈተና ልታስቀምጪው?»

«ካለፈ ምን ቸገረዎት?»

ይህች ቃል ነካቻቸው። ሰው በሙያው ሲጠረጠር እግሩ ሳያዝዘው ይሄዳል። ተከተሏት።

ላብራቶሪው ግቢ ውስጥ ከኪሳቸው አራት ቁራጮች አወጡ። እየለኮሱ፣ ነበልባሉን በሁለት ጣት ቆንጥጠው እያጠፉ፣ ጭሱን ሳቡ። «ይህ የፌስታል ዘር። ይህ ተጠጥቶ የሚጣለው ኩባያ። ይህ የውሃ ጠርሙስ። ይህ ጥርት ያለውም ያው ጠርሙስ ነው።» አሉና ሳል ያዛቸው።

ከዚያ ገቡ። ማሽኑ ፍሪጅ ያህላል፤ ሳያቋርጥ ያጓራል። ልጅቷ ከየቁራጩ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ቆርሳ ከተተች።

«ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ሚዛን ነው» አለች።

«ሚዛንማ ሥጋ ቤቱም አለው።»

«የሥጋ ቤቱ ብልቱን ይመዝናል፤ ይህ በዓይን የማይታየውን። ቅንጣቷን በሙቀት ይበታትናታል። ስብርባሪዋን በኤሌክትሪክ ይመታና እያንዳንዱን እንደ ክብደቱ ይለያል። ሸክላ ሲሰበር የድስት ይሁን የእንስራ ገሉ አይናገርም?»

«ለሚያውቅ ይናገራል።»

«ፕላስቲክም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ሲሰበር የራሱ ገል አለው።»

ውጤቱ መጣ። ሦስቱን ሽማግሌው አውቀዋል። ልጅቷም ከልቧ አደነቀች። አራተኛው ግን ጠርሙስ አልነበረም።

«ፒቪሲ ነው፤ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ዘር፤ ክሎሪን አለበት። ጠርሙስ በሚቀልጥበት ሙቀት ሲግል አሲድ የሆነ ጭስ ይወጣዋል። ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል።»

«ማሽንሽ ተሳስቷል!»

«እንግዲያው እንውጣና እንደገና ይለኩሱት። አሁን ግን በጣትዎ አያጥፉት፤ ጭሱንም አይሳቡ።»

ለኮሱ። ላይተሩን ሲያርቁት ነበልባሉ ወዲያው በራሱ ጠፋ። የጠርሙሱን ቁራጭ ለኮሱ፤ እሱ እየተንጠባጠበ መንደዱን ቀጠለ። ሽማግሌው ጣታቸውን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ነበልባሉን ቸኩለው ሲያጠፉ፣ በራሱ የሚጠፋውን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም።

ሆኖም በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። «እሳቱ ይህን ከነገረኝ ማሽኑ ምን ያደርግልኛል?»

«ዛሬ ማሽኑ ጠቁሞን ነው ያየነው። ቅልቅል ሲሆን ወይም ማለስለሻ ኬሚካል ሲገባበት እሳቱም ያታልላል። ደግሞስ ጋሼ፣ መርዙን ለማወቅ መርዙን መሳብ ምን ዓይነት ሙያ ነው? ያ ሳል ከየት መጣ?»

ሽማግሌው ላይተሩን ኪሳቸው ከተው ስልካቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ማቅለጫውን አጥፋ።»

«አባባ፣ አሁን ጆንያውን ፈትቼ ልጨምር ስል...»

«አትጨምር! እሰረው። መርዝ ነው የሰጠሁህ።»

ከስልኩ ማዶ ሳል ተሰማ። ልጁ እስኪጨርስ አባትየው ስልኩን ከጆሯቸው አላነሱም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምንጩ ያልታወቀ ጆንያ በመጣ ቁጥር፣ ከላዩም ከሥሩም ቁራጭ ተቆርጦ ወደ ላብራቶሪው ይሄዳል፤ መልሱ ሳይመጣ እሳት አይነካውም። ቅልቅል ስለማይገባበት፣ ድሮ መሐል ላይ ይበጠስ የነበረው ገመድ መበጠሱን ተወ። ጎረቤቶች በሥራ ሰዓት መስኮት መክፈት ጀመሩ። የልጁ ዓይን ጠራ፤ ሳሉም በሐኪም ክትትል እየቀለለው ነው። ልምድ ያማረ መሪ ነው፤ ሲሳሳት ግን የሚያርመው ሚዛን ያሻዋል። ዕውቀትን ከእህት ልጅ መቀበልም ሽበትን አያዋርድም።

የሙያ ጓደኞቻቸው ግን መቼ ለቀቋቸው!

«አሽቴ፣ ማሽን በለጠህ አሉ?»

«አዎን፣ በለጠኝ» ይላሉ ሽማግሌው ጆንያውን እየጎተቱ። «እኔ ልጄ እንዲቀብረኝ ነው የምፈልገው፤ እንድቀብረው አይደለም።»