መንግሥት ሽምግልና የሄደ ዕለት

በኛ ጊዜ፣ መምህር፣ ዶቃ የሌለው ወንድ ሚስት አያገኝም ነበር፤ አያገኝም ስልህ አያገኝም! እኛ አኙዋኮች ድሙይ የምንለው ሰማያዊ ዶቃ አለ፣ ጥሎሽ ማለት እሱ ነው። እና ለእህት የመጣ ዶቃ ለወንድሟ ሚስት ያመጣለታል። ታዲያ ባሌ ለኔ የሰጠው ዶቃ አባቴ ቤት ተቀመጠ፣ የታናሽ ወንድሜ የኦሞድ ነው፤ እሱ ደግሞ ጎግ የሚባል አገር ያለች አኬሎ የምትባል ልጅ ወዶ እህል አልበላም ብሏል።

ታዲያ በደርግ ጊዜ ካድሬው መጣልህ። «ሴት በዶቃ አትሸጥም! ኋላቀር ባህል ይውደም!» እያለ ይጮሃል፤ እኛም እጃችንን አንስተን «ይውደም!» አልን፣ ምን እናድርግ? ከዚያ የመንደሩን ዶቃ ሁሉ ሰብስቦ አልዌሮ ወንዝ ውስጥ አስጣለው። በማን እጅ መሰለህ? በአባቴ እጅ! አልጥልም ሲል ትከሻውን በሰደፍ መቱት፣ ያ ትከሻው እስኪሞት ድረስ ቀና አላለም። እሱን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ኦሞድም ሳያገባ ቀረ። የአኬሎ አባት «ዶቃ ከሌለ ልጅ የለም» አለ፤ አኬሎም ሌላ አላገባም ብላ ቁጭ አለች፣ ሁለቱም እያረጁ!

እና ደርግ ወደቀ፣ ጋምቤላ ክልል ሆነች ተባለ። አንድ ቀን ከክልሉ አንድ ሹም በላንድክሩዘር መጣ፣ የኛው ልጅ ነው፣ ግን ከተማ ያደገ፤ በዚያ ሙቀት ከረባት አስሯል! ዛፍ ስር ሰበሰበንና «በዚህ መንደር በደል የፈጸመው መንግሥት ነው። ያ መንግሥት ቢሄድም ቦታው ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን፤ ጥፋቱን ወስደናል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ። መንግሥት ይቅርታ ሲል ሰምተን እናውቃለን እንዴ?

አባቴ ተነሳ። «ጥፋቱን ወሰድኩ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ዶቃውን ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«እኔ እንኳ... መንግሥት ነው። እሺ፣ እኔ ነኝ እንበል።»

«እንበል የለም! ነህ ወይስ አይደለህም?»

«ነኝ!»

«በቃ!» አለ አባቴ፣ «በኛ ወግ የልጅ ዶቃ ያጠፋ ሰው ለልጁ ሚስት ይለምናል። ተነስ፣ ጎግ እንሄዳለን!»

ሕዝቡ እልል አለ! ሹሙ «ስብሰባ አለብኝ» ቢል ማን ሰምቶት፣ እኛ ቀድመን መኪናው ላይ ወጥተናል! እኔ፣ አባቴ፣ ኦሞድ፣ አንድ ዶሮም አለ፣ የማን እንደሆነ እንጃ። ሾፌሩ «እህቴ፣ መኪናው እኮ የመንግሥት ነው» ይለኛል። «ሰርጉም የመንግሥት ነው፣ ንዳ!» አልኩት።

ጎግ ስንደርስ የአኬሎ አባት መኪናውን አይቶ ወደ ማሽላው ሊሮጥ ነው። አባቴ «አትሽሽ፣ ዛሬስ ሊለምንህ ነው የመጣው!» ብሎ ጮኸ። ታዲያ ሹሙ ወንበር ይፈልጋል! ልጅ የሚለምን ሰው መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ከረባቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና አፈሩ ላይ ቁጭ! «ዶቃውን ያጠፋነው እኛ ነን» አለ፣ «ልጁ አላጠፋም። አባቱም አላጠፋም፣ ተደብድቦ፣ ተገዶ ነው። እባክዎ፣ ልጅዎን ይስጡት።»

የአኬሎ አባት ሹሙን ከእግር እስከ ራሱ አየው። አኬሎ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። በመጨረሻ «ዶቃውን ትመልሳለህ?» አለው።

«አልችልም፣ አባባ። ወንዝ ወስዶታል።»

ሽማግሌው ወደኛ ዞረ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መንግሥት መጣ ሲሉኝ ስሸሽ ኖርኩ። ዋሽቶኝ ያውቃል፣ ደብድቦኝ ያውቃል፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ለምኖኝ ግን አያውቅም። ከዚህ በላይ ምን ጥሎሽ አለ? ልጄን ውሰዱ!»

አኬሎ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀች ሴት፣ እንደ ፍየል ግልገል ዘላ ወጣች! አባቴ አለቀሰ፤ ሲመቱት እንኳ አላለቀሰም ነበር። እና ሹሙ ሊነሳ ሲል እግሩ ደንዝዞ እምቢ አለው፤ ሙሽራው ራሱ ብብቱን ይዞ አነሳው፣ መንግሥትን! ኧረ ሆዴን!

— ሹሙ አልተናደደም፣ እማማ?

ምን ይናደዳል! ሰርጉ ላይ ከሁላችን በላይ የጨፈረው እሱ ነው፣ ያውም ሳይችልበት! ይቅርታውን ዛፉ ስር ሰማነው፣ መምህር፤ ያመንነው ግን ጎግ ነው።