ዓሣን አርግቶ የማንሳት ጥበብ

ግቢ፣ ግቢ እቴ፤ በሩ ክፍት ነው። ደረጃው አደከመሽ መሰለኝ… ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም? ይሄ ሊፍት እንደ ቆመ ሊያረጅ ነው። ነይ እዚህ ተቀመጪ፣ ይሄኛው ወንበር ለወገብ ይሻላል። ሻይ ላፍላልሽ? ቆይ፣ መጀመሪያ ትንፋሽሽ ይመለስ። ትንፋሽ ሲመለስ ነው ሁሉም የሚጥመው… ካልተመለሰማ ምን ይደረጋል?

ልጄ ደህና ናት፣ ተመስገን። ዛሬ ከሰዓት ከሆስፒታል ትወጣለች። ከአልጋ እንዳትወርጂ ተብላ ስትተኛ፣ እኔም አጠገቧ ወንበር ላይ ሳንቀላፋ ሰነበትኩ። ሐኪሟ «መውለጃሽ ደርሷል፣ የቀረውን ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ» ሲላት ጊዜ ቤቱን ላሰናዳ ብዬ ትናንት ቀደምኳት። ደህና አድርጌም አሰናዳሁ… የሚሰናዳውን።

አንቺ ዓሣዎቹን ልታዪ ነው የመጣሽው፣ አይደል? ፎቶአቸውን ስልክ ላይ አይተሽ። ማን ያላየ አለ? የልጄ ዓሣዎች ከልጄ የበለጠ ዘመድ አፍርተዋል። ነርሶቹ እንኳ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ተላከ?» እያሉ አልጋዋን ይከቡ ነበር።

እዚያ መስኮቱ ጋ ኮምፒውተሩ ላይ ያቀረቀረው አማቼ ነው፤ ሰላም ብለሽዋል። እንደፈለግሽ አውሪ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል፣ አይሰማንም። የማዳመጫው ገመድ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ወደ መሬት የተንጠለጠለ መሰለኝ… ግን የእኔ ዓይን ምን ዓይን ነው።

ስለ ፎቶ ካነሳሽ፣ አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። ስማቸውን ተዪው። የዚህ ቤት ሰው እንዳይመስሉሽ፣ ሩቅ ናቸው። እንደ አጋጣሚ የእሳቸውም ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆስፒታልም ተኝታ ነበር፣ አማታቸውም አብራት ከርማለች። በዓለም ላይ ስንት የሚመሳሰል ነገር አለ፣ አንቺዬ።

ሚስትየዋ ሳሎኗ ውስጥ የባሕር ውሃ ገንዳ አላት። ጨውን እየመዘነች፣ ሙቀቱን እየለካች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ኮራል የምትባል የባሕር ፍጥረት ተክላ እንደ ጎመን ያንዠረገገች ልጅ ናት። ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎችም ነበሯት፤ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ፣ አንዱ ካንዱ የማይርቅ። «ሙሽሮቹ» ትላቸዋለች። ሆስፒታል ስትገባ ታዲያ «አደራ» አለች… ለባሏ። አደራ የሚሰጠው ጭንቅላት ላለው ሰው ነው። እሳቸው ደግሞ በዚህ አይታሙም፤ ከአንገታቸው በላይ ያለው በሙሉ ጭንቅላት ነው።

ሌላ ባል ቢሆን ምን ያደርጋል? ምግብ ጣል ያደርጋል፣ መስታወቱን ይጠርጋል፣ አለቀ። ተራ ሰው። እሳቸው ግን «ለምን ብቻዬን አያቸዋለሁ፣ እሷም በየቀኑ ትያቸው» ብለው ካሜራ ገዙ። እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል? ገዝተውም አልተቀመጡ፤ ተማሩ። መጽሐፍ አገላበጡ፣ ቪዲዮ አዩ፣ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ስለ ብርሃን ያስቡ ጀመር። ለሚስታቸውም በስልክ ያስረዷታል፤ አማትየዋ አጠገቧ ሆና ትሰማለች፤ እኔም ከአማትየዋ ሰማሁ።

መጀመሪያ የሌንስ ቀዳዳ የሚባል አለ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ግር አለሽ? እኔን ወዲያው ነው የገባኝ፤ ሥራው ባነሰ ቁጥር አፉ የሚሰፋ ሰው ስለማውቅ… ሌላ ሰው ነው፣ እሳቸው አይደሉም። ደግሞ ብርሃን ሲያንስ ከፍ የሚደረግ ቁጥር አለ፣ አይ ኤስ ኦ ይሉታል፤ ከልኩ በላይ ከፍ ካለ ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። ራሱን ከልኩ በላይ ከፍ ያደረገ አሸዋ የሚሆነው ካሜራ ላይ ብቻ ነው እንዴ? ከዚያ ቀለሙ። የገንዳው መብራት ሰማያዊ ስለሆነ ዝም ብለሽ ካነሳሽ ሁሉም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ማስተካከያውን ታዞሪና ያልሆነውን የሆነ ታስመስዪዋለሽ። በዚህኛው እንኳ ብዙ አልተቸገሩም አሉ። ተሰጥኦ ነው።

ያስቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ፤ ዓሣ አይቆምም። እሳቸው ሲያነጣጥሩ እሱ ይዞራል። ኮራሉም በውሃው ግፊት ይወዛወዛል። የካሜራውን መዝጊያ ቢያፈጥኑት ፎቶው ይጨልማል፣ ቢያዘገዩት ዓሣው ጭራ ብቻ ይሆናል። አንቺና እኔ ብንሆን ተስፋ ቆርጠን በስልካችን እናነሳ ነበር። እሳቸው አሰቡ፣ አሰቡ… ፓምፑን አጠፉት።

ፓምፑን ታውቂዋለሽ? ቀን ከሌት እምምም የሚለው፣ ውሃውን እያመሰ አየር የሚያስገባለት። የገንዳው ሳምባ በዪው። እውነት ለመናገር ባለሙያዎቹም ያጠፉታል አሉ፤ ለጥቂት ደቂቃ፣ ፎቶአቸውን እስኪያነሱ፣ ከዚያ መልሰው ያበሩታል። እሱ እንግዲህ የባለሙያ ነገር ነው። እሳቸው መጋረጃውን ዘጉ፣ የሳሎኑን መብራት አጠፉ፣ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆሙ፣ ሌንሱን ከመስታወቱ ፊት ለፊት ቀጥ አደረጉ። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይባል የለ? የረጋ ውሃ ምን እንደሚወጣው ግን እስከ ዛሬ የሞከረ ሰው አልነበረም።

ወጣላቸው። እንዴት ያለ ፎቶ ወጣላቸው መሰለሽ። ሙሽሮቹ ቀስ ብለው ወደ ላይ መጡና አፋቸውን ከፈት፣ ከፈት… እሳቸው «ሳቁልኝ» ብለው ደስታቸውን አልቻሉትም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ዓሣንም ኖሯል። ከዚያማ ካርዱን ከካሜራው አውጥተው ኮምፒውተር ላይ ተተከሉ። ሰማያዊውን ሲቀንሱ፣ ብርቱካኑን ሲያደምቁ፣ በሥራቸው ሲደነቁ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፓምፑን ማን ያስታውሰው? ሲነጋ ሙሽሮቹ በዕድሜያቸው ረግተው የማያውቁትን ያህል ረግተው ተገኙ። አንድ ፎቶ አንሺ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል? ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይሉናል፤ መግደሉ ግን ያለ ብልሃትም ይሆናል ማለት ነው።

ጨካኝ እንዳይመስሉሽ ደግሞ። ሆስፒታል የተኛች ነፍሰ ጡር አትደንግጥ ብለው ፎቶ መላካቸውን ቀጠሉ… የዚያኑ ቀን ያነሱትን፣ ዛሬ ከግራ፣ ነገ ከቀኝ ቆረጥ እያደረጉ። ከሥሩም «ዛሬ ደግሞ ሲጫወቱ ዋሉ» ብለው ይጽፉበታል። ልጅቷ ስልኩን ስማ ነው የምትተኛው። ያቺ አማትየዋ ግን ክፉ አሮጊት ናት፤ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ይቺ የገንዳው ቀንድ አውጣ በየፎቶው መስታወቱ ላይ አንድ ቦታ ሰነበተችሳ» አለች። ቀንድ አውጣ ቀርፋፋ ናት፣ እሺ፤ ግን ይሄን ያህል? እሳቸው በስልክ «እናቴ፣ እርስዎ ስለ መዝጊያ ፍጥነት የሚያውቁት ነገር የለም» አሏት። እውነታቸውን ነው። ጊዜን ራሱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም መዝጊያ እሷ የት ታውቃለች?

አይ… ተይ፣ ገንዳውን አትጠጊው። ከሩቅ ነው የሚያምረው። እሱ ዓሣ አይደለም እቴ፣ ወረቀት ነው። አዎ፣ አማቼ ነው በገንዳው ልክ አሳትሞ መስታወቱ ላይ የለጠፈው። ከኋላው መብራት ሲበራበት ይኼው ታይዋለሽ፣ ሕይወት ይዘራል። ልጄ በር ላይ ሆና ስታየው ደስ እንዲላት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ሁለት ዓሣ ገዝቶ ይከታል… አማቼ ግን ማታለል አይወድም።

የእኚያን ሰው ነገር ልጨርስልሽ። ሚስትየዋ ወልዳ ስትጠነክር ሥራ ትገባለች። ባቡር ነጂ ናት፤ ሕፃን ታቅፎ ባቡር አይነዳም። እሳቸው ታዲያ «እኔ ሥራዬ እቤት ነው፣ ልጁን እኔ እይዛለሁ፤ እናቴም ቤታቸው ናፍቋቸዋል፣ በሰላም ይግቡ» ብለዋል። እንዴት ያለ አሳቢነት ነው? አሮጊቷ ቤቷ እንደናፈቃት ራሷ እንኳ አልሰማችም ነበር። ልጅቷ እናቷ ከሆስፒታል ስትወጣ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና፣ «እማዬ፣ ልጄን ለእሱ ትቼው ብወጣ ይሆናል? አንቺ ይሆናል ካልሽኝ እተወዋለሁ» አለቻት። እናት ምን ትመልስ? «ቤቱን አይቼ እነግርሻለሁ» ብላ ወጣች። ቤቱን አየች። ልጅቷ ዛሬ መልሷን ልትሰማ ትመጣለች።

አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?

ቦርሳሽን ትነካኪያለሽ። እኔስ? በሰው ትዳር መካከል አልገባም፣ የሰው ስምም አላነሳም። እስካሁን ያነሳሁት ስም አለ? ያቺን አሮጊት ብሆን ግን ትንፍሽ አልልም፤ ልጅቷ ስትገባ ያን ወረቀት በጠርዙ ይዞ መላጥ ነው። ወይስ ባልየው ቀድመው ራሳቸው ይላጡት ይሆን? ከእሳቸው አፍ ቢወጣ አያምርም? ከሰዓት እስኪሆን ድረስ እንደሆነ ጊዜ አላቸው፤ ዕውቀቱም አላቸው፤ ድፍረቱን ደግሞ ካሜራው ላይ የሚጨምሩበት ቁጥር አይጠፋም።

አማቼ መጻፉን ተወው እንዴ? የጣቱ ድምፅ ጠፋብኝ። አይ፣ ሥራው ከብዶት ይሆናል። ተይው፣ ወደ እሱ አትዙሪ፣ ያፍራል።

ልትሄጂ ነው? እንግዲያው ለእኚያ ሰው መርቀንላቸው እንለያይ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ምርቃት ያንሳቸዋል እንጂ አይበዛባቸውም። እጅሽን ዘርጊ። ዓይናቸውን ያብራላቸው። እጃቸው ካሜራ ላይ አይንቀጥቀጥ። ልጃቸው በሰላም ይወለድላቸው፤ መልኩ ያማረ፣ ሲያነሱት የማይወራጭ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ የማያለቅስ፣ እሳቸው ትዝ እስኪላቸው ድረስም… ሳይተነፍስ የሚቆያቸው ልጅ ይስጣቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ እቴ።