ዝግ መስኮትና ሙሉ ድምፅ

(ደብረ ብርሃን፤ አዲስ በተሠራው የእድር አዳራሽ ውስጥ የግንባታ ተቆጣጣሪዋ ማስተዋልና የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወንድይፍራው በሚስማር የተመታ መስኮት ሥር ቆመው ይከራከራሉ።)

ማስተዋል፦ አይሆንም አልኩ፣ አይሆንም ነው ጋሽ ወንድይፍራው! ነገ ሰው ተዝለፍልፎ ቢወድቅ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

ወንድይፍራው፦ ምን ጎደለው? ጣሪያው አያፈስ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ወንበሩ አዲስ። ሙሽራ መስሏል እኮ!

ማስተዋል፦ ሙሽራው አፍንጫ የለውም። ደንቡ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ለወለሉ ስፋት የሚመጥን፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ይኑረው ነው የሚለው። እናንተ ስምንቱንም በሚስማር መታችሁት።

ወንድይፍራው፦ ይከፈት ነበር እኮ። አየነው። አንዱ ይከፍታል፣ ከጎኑ ያለው «ንፋስ መታኝ» ብሎ ይዘጋል፣ ያኛው ተነሥቶ እንደገና ይከፍታል። አንድ አጀንዳ ሳንነካ መሸ። እማማ በለጡማ ንፋሱን ሲሸሹ ሲሸሹ ቤታቸው ገቡ።

ማስተዋል፦ ለዚህ ሲሉ መቱት?

ወንድይፍራው፦ እኔ መሰልኩሽ? አባላቱ በሙሉ ድምፅ ወስነው ነው። ለእናንተ መሥሪያ ቤት አየር ሊሆን ይችላል ልጄ፤ ለእኛ ግን ቁርጥማት ነው።

ማስተዋል፦ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት፤ የደብረ ብርሃንን ንፋስ አያስተዋውቁኝ። ያን ሁሉ ሰው ዘግታችሁበት ምን ሊተነፍስ ነው?

ወንድይፍራው፦ እርስ በርሱ። እድር አይደለም እንዴ? መረዳዳት ነው።

ማስተዋል፦ አያስቁኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

ወንድይፍራው፦ ደግሞ በሩን አትርሺው። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር አየር ይገባል።

ማስተዋል፦ በስብሰባ መሐል ማን ይወጣል?

ወንድይፍራው፦ እሱስ ማንም አይወጣም፤ አንዴ ከተኛ…

ማስተዋል፦ ከምን?

ወንድይፍራው፦ ከተመቸው ማለቴ ነው።

ማስተዋል፦ ቆይ፣ ፈቃድ ሳይወጣ ተሰብስባችሁበታል ማለት ነው?

ወንድይፍራው፦ ለሙከራ ነዋ። ጫማ ሳይለኩት ይገዛል?

ማስተዋል፦ ለካ እናቴ ራሷን አሟት የመጣችው ከዚህ ነው! ምን ወሰናችሁ ስላት «እንጃ፣ ብቻ እጄን አውጥቻለሁ» አለችኝ።

ወንድይፍራው፦ ወይዘሮ ዘነበች? እግዜር ይስጣቸው፣ ደግፈውኝ አያውቁም ነበር።

ማስተዋል፦ እጇን ያወጣችው እሷኑ ከዕቃ ቤት ኃላፊነቷ ለሚያነሣው ውሳኔ መሆኑን ያውቃሉ? በማግስቱ ከጎረቤት ሰምታ አለቀሰች።

ወንድይፍራው፦ ምን ይደረግ፣ ውሳኔው የጋራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ማስተዋል፦ ያበረው እንቅልፉ ነው! እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መስኮቱ ከተመታ ወዲህ የተቃወመዎ ሰው አለ?

ወንድይፍራው፦ ሰላም ወርዷል።

ማስተዋል፦ የጠየቀስ?

ወንድይፍራው፦ ያ ነገረኛ ጎሹ አንዴ እጁን አነሣ። ጉድ ፈላ፣ ሊናገር ነው ብዬ ደነገጥኩ። አፉን ሸፍኖ አዛጋና አወረደው።

ማስተዋል፦ እሁድ የሊቀመንበር ምርጫ ነው አይደል?

ወንድይፍራው፦ ምርጫን ከመስኮት ምን አገናኘው?

ማስተዋል፦ እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ከአንቺ ምን እደብቃለሁ። በድንኳን ስንሰበሰብ ንፋሱ ያነቃቸዋል፤ የነቃ ሰው ደግሞ አያስቀምጥም። «ድንኳኑን ማን ቀደደው? ትልቁ ድስት የት ገባ?» አሁን ግን እኔ ስናገር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ማስተዋል፦ እያንጎላጁ ነዋ!

ወንድይፍራው፦ ከመድረክ ሆነሽ ስታዪው ስምምነት ነው የሚመስለው። ይሄን ሁሉ ዘመን ስሰደብ ኖሬ፣ በሽበቴ አንድ ቀን ሳልቋረጥ ማውራት አያምረኝም?

ማስተዋል፦ ያምርዎታል እንጂ። ለዚያ ተብሎ ግን ሰው አይታፈንም። መስኮቱ ካልተከፈተ አልፈርምም፤ አዳራሹም እሁድ ይታሸጋል።

ወንድይፍራው፦ ይታሸግ! ምርጫውን አራዝመዋለሁ።

ማስተዋል፦ ማን ያራዝምልዎታል? ሜዳ ወጥተው ይመርጣሉ። ሜዳ ደግሞ ግድግዳ የለው፣ ንፋሱ ከአራቱም ማዕዘን ነው። ያኔ እንኳን እናቴ፣ ጋሽ ጎሹም ይነቃሉ።

ወንድይፍራው፦ ሜዳ ከወጣንማ አለቀልኝ።

ማስተዋል፦ እዚህ ከሆነ ግን ነቅተው ቀና ሲሉ የሚያዩት እርስዎ ደክመው ያሠሩትን ጣሪያ ነው። እሱም አንድ ነገር ነው።

ወንድይፍራው፦ እሱስ እውነትሽን ነው፤ ጣሪያው ይናገርልኛል። በይ እንደራደር፤ የአንዱን ወገን አራቱን ልክፈት።

ማስተዋል፦ ሌሎቹስ?

ወንድይፍራው፦ ለአንድ እሁድ ብቻ ይቆዩ። ወዳጆቼን በክፍቱ በኩል፣ የሚጠሉኝን በዝጉ በኩል አስቀምጣቸዋለሁ።

ማስተዋል፦ በዝጉ በኩል በቂ ወንበር አለ?

ወንድይፍራው፦ … አይበቃም። በይ ያንን የሚስማር መንቀያ ጉጠት አቀብዪኝ።