ሐሙስ ሐሙስ የሚረሳው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር አይረሳም የሚባለው ውሸት ነው። ወደ ፈረስ መጋላ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት አጠገቧ የተቀመጡትን አባቷን ስትቆጣ ሰማሁ።

«አባ፣ የሱቁ ኮምፒውተር እንዳይግል የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ቀንሼልዎት አልነበር?»

«ረሳዋ! ማራገቢያው ይጮኻል።»

«ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ሲጠፋ ይረሳል። አያጥፉት አልኩዎት።»

«ራሱ ጠፋ።»

«መብራት ሳይሄድ? ሁሌስ ለምን ሐሙስ ማታ?»

«ወላሂ...»

«አይማሉ!»

«እሺ፣ እኔ ነኝ የማጠፋው። ልታስተካክይ ስትመጪ በማግስቱ ጁምዓን አብረን ምሳ እንበላለን።»



«ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ አጭር ትእዛዝ አለ። ዛሬ ልጽፍለት ነበር።»

«አትጻፊው።»

«እሺ አልጽፈውም። ምሳው ምንድን ነው?»

«ሩዝ በሥጋ።»

እኔ እነሱን ስሰማ መውረጃዬን አለፍኩ፤ አንተም የአባትህን ኮምፒውተር ጨርሰህ አትጠግን።